መኪና ሳይናገር አይሰበርም

ስለ ፍሬን፣ ስለ መሪና ስለ ባሌስትራ ለባለመኪናዎችና ለሾፌሮች የቀረበ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ መኪናዎን እንዲሄድ የሚያደርጉት ዕቃዎች ብዙ ናቸው። እንዲቆም፣ እንዲታጠፍና መንገዱን ይዞ እንዲጓዝ የሚያደርጉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሞተሩ ቢበላሽ ከመንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ጊዜዎንና ገንዘብዎን ያጣሉ፤ ነገር ግን በእግርዎም ቢሆን ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ፍሬን ወይም መሪ የከዳው ሰው ግን ከመንገድ ዳር የመቆም ዕድል እንኳ አያገኝም።

ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ የብዙዎቻችን ትጋት ወደ ሌላው ያዘነብላል። ቀለሙ ጫር ያለ እንደ ሆነ እንቆጫለን፤ ወንበሩ እንዳያድፍ ልብስ እናለብሰዋለን፤ ሞተሩ ድምፁን ለወጥ ያደረገ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ጋራዥ እንሮጣለን። ከጎማው በስተኋላ ተሸሽገው፣ ጭቃና አቧራ ለብሰው የሚያገለግሉትን ዕቃዎች ግን የሚያስታውሳቸው የለም። ቢታወሱም በዓመት አንድ ቀን፣ የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳዎ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም «ፍሬኑ በድንገት እንቢ አለኝ»፣ «መሪው በድንገት ተቆረጠ» እየተባለ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ድንገት አለመሆኑ ነው። ዕቃው ከመሰበሩ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ በድምፅ፣ በመንቀጥቀጥ፣ በጎማ አበላልና በፔዳል አወራረድ ሲናገር ይቆያል። የጠፋው ሰሚው ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ መካኒክ ቢጠሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ስማቸውን እንወቅ

ከመካኒክ ጋር ለመነጋገር አስቀድሞ የዕቃዎቹን ስም ማወቅ ይጠቅማል። በጋራዦቻችን የሚነገሩት አብዛኞቹ ስሞች ከኢጣልያንኛ የተገኙ ናቸው። ፍሬን የሚለው ቃል በዚያ ቋንቋ የፈረስ ልጓም ማለትም ነው። ባሌስትራ ማለት ቀስት ነው፤ እውነትም የጭነት መኪና ባሌስትራ የተደራረበ የብረት ቀስት ይመስላል። ቴስቲና ማለት ትንሽ ራስ ማለት ሲሆን የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው፣ ክብ ራስ ያለው መጋጠሚያ ነው። ታምቡር ከበሮ ማለት ነው፤ የፍሬን ሸራ ከውስጥ ሆኖ የሚጫነው ከበሮ መሰል ብረት ይህ ስም ተሰጥቶታል።

እነዚህ ሁሉ ተለያይተው የሚሠሩ ቢመስልም አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። ፍሬኑ ምንም ቢበረታ፣ ጎማው መንገዱን ካልረገጠ መኪናው አይቆምም። ጎማውን ከመንገድ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ደግሞ ባሌስትራው ወይም ሞላውና አሞርዛተሩ ነው። ጎማው ወዴት እንደሚመለከት የሚወስነው መሪው ነው። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ ማየት ይገባል።

የዓባይ በረሃ ሒሳብ

አገራችን የተራራና የሸለቆ አገር ናት። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን ወንዝ ተሻግሮ ደጀን የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው፣ እንዲሁም የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የታወቁ ናቸው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እናስላ። ከነሰዎቹ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ የቤት አውቶሞቢል 1,500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ60 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሊያፈላ ይችላል። 15,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጭነት መኪና የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሦስት ትልልቅ በርሜል ውኃ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት ከየትም ሊወጣ አይችልም፤ ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይቀበለዋል።

እንግዲህ ብልህ ሾፌር ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት 2ኛ ማርሽ፣ መንገዱ ከከበደም 1ኛ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ ኃይል ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬንን በየመታጠፊያው ብቻ ጫን እያደረገ ይለቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን በፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሰው ግን ያን ሁሉ በርሜል በፍሬኑ ላይ ያፈላዋል። ከዚህም የከፋው ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች ፔዳሉን የሚያቀልለው አጋዥ ከሞተሩ ጋር የሚሠራ በመሆኑ፣ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ የፔዳል አጋዥ የሚሠራው በአየር ግፊት ስለ ሆነ በደጋ አገር የሚሰጠው እርዳታ ያንሳል። በቆላ የበቃ ፍሬን በደጋ ከእግርዎ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው። ያረጀ ሸራና ያረጀ ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ፍሬን ምን ይላል?

ፍሬን የሚናገርባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሲረግጡት የሚሲስ ቀጭን ድምፅ ካሰማ ፓዱ ወይም ሸራው ማለቁን ሊነግርዎ ነው። ድምፁ ወደ ብረት ፍጭት ከተለወጠ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው፤ ያን ቀን መንገድ አይሂዱ። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ከጎተተ፣ ከሁለቱ ጎማዎች አንዱ እየያዘ ሌላው እየሰነፈ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ወይም ታምቡሩ እኩልነቱን አጥቷል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል። ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ደግሞ ዘይቱ በአንድ ሥፍራ እያመለጠ ነው።

አዲስ ፓድ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይለወጣል እንጂ «ገና አለው» ተብሎ አይታለፍም። የቀጠነ ፓድ ሙቀቱን ሳይከላከል ወደ ዘይቱ ያሳልፈዋልና። ፓድም ሆነ ሸራ በግራና በቀኝ ባንድነት ይለወጣል፤ አንዱን ብቻ የለወጠ ሰው መኪናው ወደ አንድ ወገን እንዲስበው ፈርዷል። በዲስኩ ላይ ትንሹ ውፍረት፣ በታምቡሩ ላይ ደግሞ ትልቁ ስፋት በፋብሪካው ተጽፎ ይገኛል። መካኒኩ ልኩን ለክቶ ያሳይዎ ዘንድ ይጠይቁት፤ ከተጻፈው ያለፈ ዲስክ ተሞርዶ አይድንም።

ስለ ፍሬን ዘይት ብዙ ሰው የማያውቀውን እንንገርዎ። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራል። ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በረዥም ቁልቁለት ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ዘይት ሲጫኑት ኃይልን ያስተላልፋል፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ፓዱ አዲስ ሆኖ ሳለ ፍሬን ጠፋ የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ሲጎድል የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ያገኙትን ዘይት አይጨምሩ፤ በውስጡ ያሉትን የላስቲክ ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነም መሙላቱን ትተው የሚፈስበትን ይፈልጉ፤ በጎማው የውስጥ ገጽ ላይ የሚታይ እርጥብ ቦታ ምስክር ነው።

መሪ ምን ይላል?

የመሪ ቴስቲና በውስጡ ግራሶ ያለበት፣ በላስቲክ ሽፋን የታሸገ ክብ የብረት ራስ ነው። ሽፋኑ እስካልተቀደደ ድረስ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ከተቀደደ ግን አቧራው ከግራሶው ጋር ተደባልቆ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ላስቲክ ሲቀደድ ያላየ ሰው ሙሉውን ቴስቲና ይገዛል፤ ቴስቲናውንም ያላየ ሰው የሚከፍለው በገንዘብ አይቆጠርም። ቴስቲናው ተላቆ ከወጣ አንዱ ጎማ ወደ ወደደው ይዞራልና መሪውን ይዞ መታገል ምንም አይጠቅምም።

ምልክቶቹን ይወቁ። መሪውን ትንሽ ሲያዞሩት ጎማው ሳይንቀሳቀስ ክፍት ቦታ ካገኙ፣ ቀጥ ባለ መንገድ መኪናው ወዲያና ወዲህ ከዋለለ፣ በጉድጓድ ሲያልፍ ከፊት በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም የፊት ጎማ በአንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናውን በሜዳ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያግዱ። የፊቱን ጎማ በክሪክ ያንሡ፤ ነገር ግን ክሪክ ሊንሸራተት ስለሚችል በጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳያሳርፉ ከሥሩ አይግቡ። ከዚያ ጎማውን በሁለት እጅዎ ከግራና ከቀኝ ይዘው ይነቅንቁት። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ የመሪው ቴስቲና ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። የሚላወስ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ጎማውን ከሞላው ክንድ ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ ነው። ሁለተኛ ሰው መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ እያዞረ እርስዎ ሲመለከቱ፣ የላላው መጋጠሚያ ራሱን ያሳያል።

አንዳንድ ሥፍራ የላላ ቴስቲናን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጥበብ ወይም በብየዳ ማጠናከር ይታያል። የተቀጠቀጠው ለጥቂት ቀን የጠበቀ ይመስላል፤ የተበየደው ብረትም በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጥና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ለመሪ ዕቃ መፍትሔው አንድ ነው፤ እርሱም መለወጥ ነው። አዲሱ ቴስቲና ሲገባ አሮጌው ስንት ዙር ገብቶ እንደ ነበረ ተቆጥሮ በዚያው ልክ ይገባል። ይህም እስከ ጎማ ማስተካከያው ድረስ ለመሄድ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ቴስቲና ተለውጦ የጎማው አቀማመጥ በመሣሪያ ካልተስተካከለ አዲስ ጎማ በጥቂት ወር ውስጥ ይበላል።

ባሌስትራ፣ ሞላና አሞርዛተር

ባሌስትራና ሞላ ሸክሙን ይሸከማሉ፤ አሞርዛተር ደግሞ መናጡን ያረጋጋል። ብዙ ሰው አሞርዛተርን ለምቾት ብቻ የተሠራ ይመስለዋልና «ወገቤ ጤነኛ ነው፣ ይቆይ» ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያረጀ አሞርዛተር ያለው መኪና ጉድጓድ ሲያገኝ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል። በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም አያቆመው፣ መሪም አያዞረው። በኮሮኮንች መንገድ ላይ ሲታጠፉ የመኪናው ጭራ የሚንሸራተተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪናውን አንድ ማዕዘን በእጅዎ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ደኅና ነው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ አልቋል። ይህ ፈተና ሁሉን አይገልጽምና ከሥሩም ይመልከቱ። ዘይት አፍስሶ አቧራ የለጠፈበት አሞርዛተር ዘመኑ አልፏል። ጎማው በየሥፍራው ጎድጎድ እያለ ከተበላም ያው ነው። እንደ ፓዱ ሁሉ አሞርዛተርም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይለወጣል።

በባሌስትራ በኩል የተሰነጠቀ ቅጠል፣ የላላ ማሰሪያ ቡሎንና ያለቀ ቡሽ ይታያል። አንዱ ቅጠል ከተሰበረ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ቀጥሎም እነርሱ ይሰበራሉ። መኪናው በአንድ ወገን አጋድሎ ከቆመ ይህን ይጠርጥሩ። ተጨማሪ ቅጠል አስገብቶ ከልክ በላይ መጫን ግን መፍትሔ አይደለም፤ ባሌስትራው ቢችል ፍሬኑና ኩሽኔታው አይችሉም። ስለ ሞላ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የተጨመቀ ሞላ ትልቅ ኃይል በውስጡ ይዟል፤ ያለ ማጨመቂያው መሣሪያ ሊፈታ የሞከረ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ ሥራ ለባለሙያ ይተው።

ከጋራዥ ሲገቡና ሲወጡ

መለዋወጫ ሲገዙ፣ ለረዥም ዘመን የመለዋወጫ ገበያ ሆኖ በታወቀው ሶማሌ ተራም ይሁን በሌላ ሥፍራ፣ የመኪናዎን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ። አሮጌውን ዕቃ ፈትተው ከአዲሱ ጋር ማስተያየት የበለጠ ይረዳል። ያገለገለ በርና መስታወት መግዛት ነውር የለበትም። ያገለገለ ቴስቲናና ያገለገለ የፍሬን ላስቲክ መግዛት ግን የሌላውን ሰው አደጋ መግዛት ነው።

መካኒኩ የፈታውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ መለወጡን ያረጋግጣሉ፣ የመኪናዎንም ጠባይ ይማራሉ። የፍሬኑን አቧራ በአየር እንዳይነፋው ይንገሩት፤ በተለይ የቀድሞ ሸራዎች አስቤስቶስ የተባለ ለሳንባ መርዝ የሆነ ነገር ስላለባቸው በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይሻላል። የላስቲክ ቡሽ ያላቸው ክንዶች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። የቴስቲናው ዳዶ እንዳይፈታ በመሐሉ አልፋ የምትቆለመመው ቀጭን ሽቦ ሁልጊዜ አዲስ ትሁን። ዋጋዋ ከቁም ነገር የማይገባ ሲሆን የመሪውን ነገር የያዘችው ግን እርስዋ ናት።

ፓድ ከተለወጠ በኋላ መኪናውን ከማንቀሳቀስ በፊት ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ። የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ሊወርድ ይችላልና ይህን የዘነጋ ሰው ከጋራዡ በር ሳይወጣ ግንብ ይመታል። የመጀመሪያዎቹን 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ፍሬኑን በዝግታ ያለማምዱት። ጎማ ተፈትቶ ከታሰረም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አርጅቶ ለሚያገለግል መኪና

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ከዚያ በፊት የገቡት መኪናዎች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ ያረጃሉ እንጂ። ስለዚህ ቴስቲናና አሞርዛተር የመለወጥ ጉዳይ ገና ብዙ ዘመን ከእኛ ጋር ይኖራል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙም ቢሆኑ ይህ አይመለከተኝም አይበሉ። ባትሪው ከባድ ስለ ሆነ በጎማውና በሞላው ላይ ሸክም ይጨምራል። ሞተሩ ራሱ መኪናውን እያዘገመ ባትሪውን ስለሚሞላ ፓዱ ብዙ አይሠራም፤ ሳይሠራ ሲቀመጥ ግን ሊዝግና ሊጣበቅ ይችላል። ደግሞም ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚጨመርበት ቦታ ስለሌለ ይህ የማዘግየት ኃይል ይቀንሳል። ከአፋፍ ላይ ባትሪውን ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር ሰው ሸክሙ ተመልሶ በፍሬኑ ላይ እንደሚወድቅ ይወቅ።

በመጨረሻም ለባለንብረቶች አንድ ቃል አለን። ሾፌሩ «ጌታዬ፣ መሪው እየዋለለ ነው» ወይም «እመቤቴ፣ ፍሬኑ ለስልሷል» ብሎ ሲነግርዎ «እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይ» አይበሉት። መኪናው የተናገረውን ሾፌሩ ሰምቶ ለእርስዎ አድርሷል። ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ነገር ድንገት አይባልም። በሚኒባሱ ውስጥ የተሳፈሩት አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ከጭነቱ ላይ የተቀመጠው ረዳት፣ በመንገዱ ዳር ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች ስለ ቴስቲናው ምንም አያውቁም። እርስዎን አምነው ነው የሚሄዱት።

ሾፌርም ቢሆን የታዘዘውን ሁሉ አሜን ብሎ አይቀበል። በያዘው ፍሬን የማይተማመን ሰው ቁልቁለቱን አለመጀመሩ ፍርሃት ሳይሆን ሙያ ነው።

ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ከመንገድ በፊትም ሁልጊዜ፣ አሥር ደቂቃ ለመኪናዎ ይስጡ። የፍሬኑን ዘይት ይዩ፤ ፔዳሉን ረግጠው ይቁጠሩ፤ መሪውን ነቅነቅ ያድርጉ፤ ጎማዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ፤ በየጎማው ውስጥ እርጥበት መኖሩን ይመልከቱ፤ አራቱንም ማዕዘን ተጭነው ይልቀቁ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥተው ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ ነድተው ፍሬኑን አንድ ጊዜ ይፈትኑት። ቀጥ ብሎ ከቆመ መንገድዎን ይጀምሩ። ካልቆመ ደግሞ ያወቁት በሜዳ ላይ ነውና ደስ ይበልዎ፤ በዚያው ቀን ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።